ትሎቹ ሳይበሉ ህሩይ አይበላም

ባሌ ህሩይ አፉን የሚከፍተው ትሎቹ መብላታቸውን በእጁ ዳስሶ ካረጋገጠ በኋላ ነው። ይህን ለሰው ብናገር ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳየኝ ስለማውቅ ከቅርብ ሰው በቀር ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። አሁን ግን የምደብቀው ነገር አለቀብኝ።

ህሩይ የአፈር መምህር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሯል፤ እኔም እዚያው ሬጅስትራር ቢሮ ነው የምሠራው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ደም ግፊት ጣለው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ አንደበቱ ተያዘ። የቀረለት ግራ እጁና ዓይኑ ነው። እጁን ይዤ ስጠይቀው ከጨመቀኝ አዎ ማለቱ ነው፤ ካልጨመቀኝ አይደለም። በዚህ እንግባባለን። እንጣላለንም፤ ከሐምሌ ጀምሮ አልበላም ብሎኝ ነበርና።

መዋጥ አቅቶት አይደለም። የምታክመው ጓደኛችን ዶክተር ኤሌኒ ጉሮሮው ደህና ነው ብላኛለች። ብቻ ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። በአፍንጫው ቱቦ አስገቡለት፤ በግራ እጁ መዝዞ ጣለው። መለሱለት፣ ደግሞ መዝዞ ጣለው። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ እግሩ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ቀለበቱ ከጣቱ እየወለቀ አንሶላ ውስጥ ስፈልግ መዋል ጀመርኩ።

በረንዳችን ላይ የእንጨት ሳጥን አለ። ህሩይ ቀያይ ትሎች ያረባበታል። ልጣጭ፣ የደረቀ ፋንድያና የተቀደደ ጋዜጣ ይበላሉ፤ የሚተዉት ጥቁር፣ ልስልስ ያለ፣ ዝናብ የመታው መሬት የሚሸት ብስባሽ ነው። እሱን በቀለም ጣሳና በተቆረጠ ጀሪካን ለተተከሉት በሶብላና ጤና አዳም ሁለት ጣት ያህል ያለብሳቸዋል፤ በሳምንቱ ሌላ ተክል ይሆናሉ። ትሎቹ ግን ጣጣቸው ብዙ ነው። ሽንኩርት አይስማማቸው፣ ሎሚ አይስማማቸው፣ ጨውና በርበሬ አይነካቸው። እስቲ በጎንደር ቤት በርበሬ ያልነካው ትራፊ ፈልጉ! ለትል አንድ ባልዲ፣ ለቆሻሻ ሌላ ባልዲ አስቀምጦ፣ ስሳሳት "እጅጋየሁ፣ ይቺ የሽንኩርት ልጣጭ ናት" እያለ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያሳየኝ ነበር። የምወረውርበት ነገር ነበር የምፈልገው። አሁን ያንን ንዝንዝ አንድ ጊዜ ብሰማ ዓመት እጾምለት ነበር።

እንግዳ ከቤታችን ባዶ እጁን አይወጣም። ህሩይ በጣሳ አንድ እፍኝ ትል ያሸክመዋል። "እርሾ ነው፤ አንድ ቀን እኔ ሳጣ ትመልስልኛለህ" ይላል። ከሰው ቤት ሰው ዳቦ ይዞ ይሄዳል፣ ከእኛ ቤት ትል።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ቆረጥኩ። ሳጥኑን ልደፋው አንስቼ በመኝታ ቤቱ በኩል ሳልፍ ህሩይ ከጉሮሮው ድምፅ አወጣ። ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያው ድምፅ ነበር። ደንግጬ ሳጥኑን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፍኩት። ግራ እጁን ከተተበት፣ ቀስ ብሎ አገላበጠው፤ አንዱ ትል ጣቱ ላይ ተጠመጠመ። አየው፣ መለሰው፣ ጣቱን አሸተተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አፉን ከፈተ። አጥሚቱ ቀዝቅዞ ነበር፤ ላሙቀው ስል ሐሳቡን ይቀይርብኛል ብዬ እንደቀዘቀዘ አጎረስኩት።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓታችን ይኸው ነው። ልጣጩን አድቅቄ ከትፌ ለትሎቹ እሰጣለሁ፣ ሳጥኑን አቀርባለሁ፣ እሱ እጁን ይከታል፣ ከዚያ ይበላል። ሳጥኑ ካልቀረበ አይበላም፤ ሞክሬ አይቻለሁ። በረንዳው ላይ ያሉት ተክሎች በሙሉ ደርቀዋል። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ለአበባ የሚሆን ጉልበት የለኝም። ለትሎቹ ግን ከምጠጣው ቀንሼ እረጫለሁ። ትሎቹ ካሉ ህሩይ አለ፣ ከሞቱ ይሞታል፤ እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

ጥቅምት 27 የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ተራ የእኛ ነበር። ለሌላ ማኅበርተኛ ላስተላልፈው አስቤ ሳለ የህሩይ እናት፣ እማማ ይመኙሽ፣ ከዳባት ብቅልና ጌሾ አሸክመው ደረሱ።

"ምነው ልጄ፣ ልጄ አልጋ ይዞ ጽዋውን ልግፋ?" አሉኝ። "ያለዛሬ መቼ ሊለመን ነው?"

ጠላውን እሳቸው ጠነሰሱ፣ እሳቸው ጠመቁ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋን አይቆምም ያለ ማን ነው? ቆመ። ማኅበርተኛው መጣ፣ ቄሱ ጸለዩ፣ ሁሉም በአልጋው ዙሪያ ቆሞ "ይማርህ" አለው። ህሩይ ያን ቀን ደህና አድርጎ በላ። እኔም በአምስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ሳቅሁ።

በነጋታው ጠዋት ለቁርሱ ሳጥኑን ላመጣ በረንዳ ወጣሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፤ የኮመጠጠ፣ የጠላ ቤት ሽታ። ከዚያ ወለሉን አየሁ። ትሎቹ ከሳጥኑ ወጥተው ሲሚንቶው ላይ እንደ ክር ደርቀው ተጣብቀዋል። ክዳኑን አነሣሁ። የቀሩት በጠርዙ ዙሪያ ተቆላልፈው ነጥተዋል። እጄን ስከት አፈሩ ይፋጃል። በላዩ አተላ ፈሶበታል።

"እማማ!" ብዬ ጮኽኩ።

"ምነው? ምን ሆነሽ ልጄ?" እያሉ ነጠላቸውን ሳይለብሱ መጡ።

"ይሄን ማን ነው ያደረገው?"

"እኔ ነኝ። ትናንት ጋኑን ሳጥብ ሁለት ጣሳ አተላ አፈሰስኩላቸው። ምነው፣ አልጠጡትም?"

አተላ ጠላው ከተጠለለ በኋላ ጋኑ ሥር የሚቀረው ዝቃጭ ነው። ይኮመጥጣል፣ ገና ይፈላል፣ ያሰክራል። ላም ያወፍራል። በዚያ ስስ ቆዳው የሚተነፍስን ትል ግን ያቃጥለዋል።

"ገደልሽው!" አልኳቸው። አዎ፣ በንዴቴ አማቴን አንቺ አልኳቸው። "ልጅሽን ገደልሽው! ሆን ብለሽ ነው! ከመጣሽ ጀምሮ ይሄን ሳጥን ባየሽ ቁጥር ስታማትቢ አላየሁም?"

እማማ ይመኙሽ የበረንዳውን ብረት ያዙ። ጎንበስ ብለው ወለሉን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"ማማተቡንስ አማትቤአለሁ" አሉ። "ትል የሙት ነው። ልጄ በቁሙ እጁን ሲከትበት ማየት አልወድም። ግን እነሱ ሳይበሉ አይበላም ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እነሱ ሸጋ አርገው ከበሉ እሱም ሸጋ አርጎ ይበላል ብዬ ነው። ላሚቱስ ወተቷ የሚወርደው በአተላ አይደል? ደሞ ተራ አተላ አይደለም ልጄ፣ የጽዋው ነው። የተጸለየበት ነው።"

ሆን ብለው አድርገውት ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። ይቅርታ ልላቸው ይገባኝ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። "ለእሱ እንዳይነግሩት" ብቻ አልኳቸው።

ህሩይ ጋ ገባሁ። "ጋዜጣቸውን እየቀየርኩላቸው ነው፤ ቁርስህን ቀድመህ ብላ" አልኩት። ማንኪያውን አየ፣ ባዶውን የአልጋ ጠርዝ አየ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አላስገደድኩትም። እስከ ምሳ ትል ማግኘት አለብኝ አልኩና ወጣሁ።

መጀመሪያ የራሴን በረንዳ በረበርኩ። የደረቁትን ጣሳዎች ሁሉ ገለበጥኩ፤ ህሩይ ያለበሳቸው ብስባሽ ውስጥ አንድ ሁለት ትል ተደብቆ ይሆናል ብዬ። አቧራና ሥር ነው የወጣው። ሦስት ወር ውሃ ሳላጠጣ በገዛ እጄ ያደረቅኳቸው ናቸው። አማቴን ነፍሰ ገዳይ ያልኩት እኔ!

ከዚያ ፒያሳ፣ ኤሌኒ ቤት። ከሁለት ዓመት በፊት ለጽጌረዳዋ አንድ ጣሳ ትል ወስዳለች፤ ህሩይ በተገናኙ ቁጥር "እንዴት ናቸው?" ሲላት "ተባዝተው ጎረቤት አስቸገሩ" ትለዋለች። የዕረፍት ቀኗ ነበር፣ በፒጃማ ከፈተችልኝ።

"ትሎቹን ስጪኝ። ግማሹን ብቻ።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ቁጭ በይ መጀመሪያ።"

"አልቀመጥም። የእኛዎቹ አልቀዋል። ስጪኝ።"

"እጅጋየሁ... በወሰድኩ ዕለት ነው የፈላ ውሃ የደፋሁባቸው።" ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። "ቀፈፉኝ። ለህሩይ እንዴት ብዬ ልንገረው? በጠየቀኝ ቁጥር ውሸቱ እየበዛ ሄደ።"

"ሰው ቀደሽ የምትሰፊ ሴት!"

"ሰው በደረቱ አይሳብም" አለች።

ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነና ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ኤሌኒ አጠገቤ ተቀመጠች። ቱቦውን እንደገና እንሞክረው አለችኝ። "እጁንስ ታስሪዋለሽ?" አልኳት። ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላስር ደረጃውን ወረድኩ።

የቀረኝ አንድ ሰው ነው። አዘዞ የድሮው ቤተ ክርስቲያን ያሉ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ የህሩይ የፊደል አስተማሪ ናቸው። ለደቀ መዛሙርቱ ጎመን የሚያለሙበት ጓሮ አላቸው፤ ህሩይ ራሱ ሁለት ባልዲ ትል ወስዶ ከፍግ ክምሩ ሥር አስገብቶላቸዋል። በሚኒባሱ ውስጥ መንገዱን ሁሉ የጸለይኩት ለህሩይ ሳይሆን ለትል ነው። የሰማ ካለ ይቅር ይበለኝ።

"የኔታ፣ የህሩይ ትሎች አሉ?" አልኳቸው ገና ጉልበታቸውን ሳልስም።

"ነበሩ ልጄ። አምና በበጋ ምንጩ ሲደርቅ ፍጉም ደረቀ፣ እነሱም አለቁ። እሱን ላስከፋው አልፈለግሁም እንጂ ልልክበት ነበር።"

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው፤ ተነሥተው ዶማ አመጡ። ሙዙ ሥር፣ አፈሩ ገና ርጥብ የሆነበትን ቦታ ራሳቸው ቆፈሩ። እኔ ጭቃውን በእጄ አፈረስኩት። ትል ወጣ። ወፍራም፣ ግራጫ፣ ዘገምተኛ፤ ክረምት ሲገባ በየመንገዱ የምንረግጠው ያው የመሬት ትል። አስራ አራት አገኘን።

እነዚህ እንደማይሆኑ አውቃለሁ። ህሩይ ለተማሪዎቹ ሲናገር ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ የእኛው የመሬት ትል ጠልቆ የሚኖር ነው፣ ሳጥን ውስጥ ቢያስገቡት በቀናት ውስጥ ያልቃል፤ ላይ ላዩን ልጣጭ እየበላ በጣሳና በሳጥን የሚኖረው ቀዩ ነው። ግን በቀናት ውስጥ ማለት ዛሬ ማለት አይደለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

"ህሩይን በአፈር ነገር ልታታልይው ነው?" አሉኝ የኔታ።

"ዛሬን ይብላልኝ። ለነገ ሌላ ውሸት እፈልጋለሁ።"

"እግዚኦ" አሉና የጎመን ቅጠል አርጥበው ትሎቹን አለበሱልኝ።

ስመለስ ሚኒባሱ ለፍተሻ ቆመ፣ ሁላችንም ወረድን። ወታደሩ ጣሳዬን ከፍቶ አየ። "ምንድን ነው?" አለኝ። "ትል ነው፤ ለባሌ" አልኩት። ጣሳውንም እኔንም አየና መለሰልኝ።

ቤት ስገባ ሰባት ሰዓት አልፏል። ሳጥኑን እማማ ይመኙሽ ደፍተው በመጠጥ ውሃችን አጥበው ፀሐይ ላይ አስጥተውታል። ወለሉም ተፈግፍጓል። እኔ ከአዘዞ ያመጣሁትን አፈርና ከባልዲው ሥር የተረፈ አሮጌ ፋንድያ ቀላቅዬ፣ ጋዜጣ ቀድጄ አነጠፍኩ። እሳቸው የጎመን ቅጠሉን ለጨቅላ እንደሚሰጥ አድርገው ከተፉት። እንጨቱ ግን አተላውን ጠጥቷል። ብናጥበውም፣ ብናሰጣውም ይሸታል።

ሳጥኑን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ።

"ይኸው፣ አዲስ ጋዜጣ አነጠፍኩላቸው። ትናንት ለማኅበሩ ስንት ጎመን ተቀረደደ መሰለህ፣ ትራፊውን ሁሉ የበሉት እነሱ ናቸው። እንዴት እንደወፈሩ አታውቃቸውም!" አልኩ። አፌ አልዘጋ አለ።

ህሩይ እጁን ከተተ። አገላበጠ። ጣቶቹ ቆሙ። ከአፈሩ ውስጥ አንዱን ወፍራም ግራጫ ትል አወጣና መዳፉ ላይ አስተኛው። ቀዩ ትል ሲነኩት ይንፈራገጣል፤ ይኸኛው ዝም ብሎ ተዘረጋ። ህሩይ ረጅም ጊዜ አየው። ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሃያ ሁለት ዓመት አፈር ያሸተተ አፍንጫ ነው። እማማ ይመኙሽ በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተዋል።

ትሉን መልሶ አፈሩ ላይ አስተኛው፣ በሁለት ጣቱ አፈር አለበሰው። አሁን ወደ ግድግዳው ይዞራል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስከፍት አፉን ከፍቶ እየጠበቀኝ ነበር።

አጎረስኩት። ዋጠ። ሁለተኛውን ሰጠሁት፣ ዋጠ። ደስታ ሊያሳብደኝ ደረሰ፤ "ይኸው በላ! እማማ፣ በላ!" ስል ሰማሁ ራሴን። ሦስተኛውን ይዤ ስጠጋ ነው ዓይኑን ያየሁት። ሳጥኑን አያይም ነበር። የሚያየው እኔን ነው፤ በጭቃ የተለወሰ ቀሚሴን፣ ጥፍሬ ሥር የገባውን የአዘዞ አፈር፣ ያልታሰረ ጫማዬን። እያባበለኝ ነበር የሚያየኝ።

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አሳረፍኩና እጁን ያዝኩ።

"ሞተዋል" አልኩት። "ታውቃለህ?"

ጨመቀኝ።

"እነዚህም እንደማይሆኑ ታውቃለህ።"

ጨመቀኝ።

"ታዲያ ለምን በላህ?" ይህ በመጭመቅ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ ሌላ መጠየቅ ነበረብኝ። "ለእኔ ብለህ ነው?"

ጨመቀኝ። ነሐሴ ላይ ሳጥኑን ተሸክሜ ስወጣ ምን እመስል እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ድምፅ ለትሎቹ አልነበረም የወጣው። የምንጠለጠልበት ነገር ሲሰጠኝ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ እኔ እሱን የማበላው እየመሰለኝ።

መጠየቅ ያለብኝ አንድ ነገር ቀረ። ባልጠይቀው ይሻለኝ ነበር፤ ግን አምስት ወር ስንት ነገር ስጠይቀው ይህን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።

"ህሩይ፣ እኔ ባልለምንህ ኖሮ ይበቃህ ነበር?"

ጨመቀኝ። እንደ ሌላው ጊዜ አልለቀቀኝም፤ በዚያ በቀጠነ እጁ እንዳለ ጉልበቱ ይዞኝ ቆየ። እናቱ በሩ ላይ ቁጭ አሉ።

ደግ ሚስት ብሆን ሳህኑን አነሣ ነበር። እሺ፣ ይብቃህ፣ አላስቸግርህም እለው ነበር። ሌላ ሴት ይህን ታደርግ ይሆናል፤ አላውቅም። እኔ እጄን ከእጁ አላቀቅሁና ማንኪያውን ሞላሁት።

"አፍህን ክፈት" አልኩት።

ከፈተ።